የትርንጎ ሰዎች

ብሌን ቁርሷን እየበላች ቁጥር ታነባለች፤ ውጭ ደግሞ አይሱዙው ሞተሩን እንዳስነሳ ባዶውን ቆሟል። «እማዬ፣ የፎቶው ላይክ አንድ ሺህ መቶ ደረሰ። ማስታወቂያው ላይ ሰማንያ ሰባት ሰው ‹እመጣለሁ› ብሎ ጽፏል» ትላለች፣ አንድ እጇ ፍርፍሩ ላይ፣ አንድ እጇ ስልኩ ላይ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም ትሰማለች፤ ቁጥሩንም ሞተሩንም። መኪናው አጫጆች ጭኖ ወደ ሰሊጥ እርሻዋ እንዲወስድ የተከራየ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ጧቱ ነው፤ እስካሁን ከሾፌሩ ከአንዱአምላክ በቀር የተሳፈረበት ሰው የለም። አንዱአምላክ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እትዬ፣ ሰማንያ ሰባቱን የት ሄጀ ልጫናቸው?» አለ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃት ነበር። «ሞተሩን አጥፋው» አለችው ትርንጎ።

የእርሻውን የኢንተርኔት ገጽ የከፈተችው ብሌን ናት። ጎንደር ተምራ፣ በማርኬቲንግ ተመርቃ፣ ዓመት ሙሉ ሥራ አጥታ ገንዳ ውሃ ከተማ እናቷ ቤት ከተቀመጠች በኋላ «ቢያንስ የኛን እርሻ ላስተዋውቅ» ብላ ተነሣች። መጀመሪያ የለጠፈችው ትርንጎ ጃንጥላ ይዛ ሰሊጥ መሃል የቆመችበትን ፎቶ ነበር። ፎቶው የተወደደው ጉድ ነው። ከዱባይ አንዷ «አንበሳ እናት» ብላ ጻፈች፣ ከአዲስ አበባ አንዱ ሦስት አበባ ላከ፣ ሰሊጥ በዛፍ ይብቀል በሐረግ የማያውቅ ሁሉ «ትለያለሽ» አለ። እውነቱን ለመናገር ትርንጎም ደስ ብሏት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም «ትለያለሽ» ብሏት አያውቅም። የልጇን ስልክ ተውሳ ለማኅበር እህቶቿ አሳይታለች፤ ሁለት ጊዜ ያሳየቻቸውም አሉ። ከዚያ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የለመደችው ካቦዋ፣ የአጫጆቿ አለቃ ቢሻው፣ ድምፁ ሲጠፋና ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም» ሲል፣ ብሌን ማስታወቂያውን ለጠፈችው፦ ታታሪ አጫጆች እንፈልጋለን፣ በቀን መቶ ሃምሳ ብር፣ ኑ የቤተሰባችን አካል ይሁኑ። «ይሁን» ያለችው ራሷ ትርንጎ ናት። በአካል የመጡት፣ ያውም መኪናው ሳይከራይ፣ ሦስት ናቸው። አንደኛው ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ነበር፤ ሰሊጡ መሃል ፎቶ ተነሣ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ውሃ ልጠጣ ብሎ ሄደና በዚያው ቀረ። የቀሩት ሁለቱም ከሰዓት በኋላ ተከተሉት።

ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። የታችኛው ፍሬው ቢጫ ማለት ሲጀምር መታጨድ፣ ነዶ መታሰር፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ መቆም አለበት። ያን ቀን ያሳለፉበት እንደሆነ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ነፋስ ሲነካው የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ትርንጎ ያላት አሥራ ሁለት ሄክታር ነው። የታችኛው ዘግይቶ ስለተዘራ ሳምንት ይቆይላታል፤ የላይኛው አራት ሄክታር ግን ደርሷል። ትናንት አንዱን አገዳ ነቅነቅ ስታደርገው መዳፏ ላይ ዝርግፍ አለባት። ያ አራት ሄክታር የዓመት ኑሮዋ ነው፤ ባይታጨድ ከርሞ የምትዘራበትም አይኖራት። ሌሊቱን የነፋስ ድምፅ በሰማች ቁጥር ተገላብጣ አደረች።

ቢሻው ከጎጃም፣ ከሞጣ ወዲያ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከባሏ ጋር መሬቱን በተመሩበት ዓመት ስድስት ሰው ይዞ ወርዶ አጨደላቸው። በከርሞው አሥራ ሁለት ሆነው መጡ፤ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሃያ ስምንት። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ቀጥታ ከአውቶቡስ ወርደው ግቢዋ ይገባሉ፣ ማዳበሪያ ከረጢታቸውን ግድግዳው ሥር ይደረድራሉ፣ ቢሻው በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ከረማችሁ» ይላል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ውል አልተፈራረሙም። ከተማው ውስጥ «የትርንጎ ሰዎች» ነበር የሚባሉት፤ ሻይ ቤት በዱቤ ሲጠጡ፣ ክሊኒክ ካርድ ሲያወጡ፣ ስማቸው ያው ነበር። ዘንድሮ ግን መስቀል ዋለ፣ ሳምንት አለፈ፣ ግድግዳው ሥር የተደረደረ ከረጢት የለም። «የደጋው ዝናብ ይዟቸው ይሆናል» ስትል ከረመች። ዛሬ ጥቅምት አራት ነው፤ ከዚህ በላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነላትም። ከገበያ አሥር ሰው እንኳ ባገኝ ብላ ባጃጅ ይዛ አውቶቡስ መናኸሪያው ወረደች።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው የሠራተኛ ገበያ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሞቋል። የላስታው፣ የወሎው፣ የጎጃሙ ሰው ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፕላስቲክ ጫማውን አጥልቆ በቡድን በቡድን ቆሟል። ትርንጎ ወደ አንዱ ቡድን ስትጠጋ ሁለት መቶ ብር ይሏታል፤ ወደ ሌላው ስትሄድ «ተይዘናል» ይሏታል። አንዳንዶቹ ፊቷን ያያሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ መሬት መሬት ያያሉ። የፎቶው ዝና መስሏት አፈረች። እግሯን ሲያማት ዘሊካ የምትባለው የድሮ ወዳጇ ሻይ የምትሸጥበት ዳስ ገብታ ዱካ ላይ ተቀመጠች። አምስት ብር ሻይ፣ ሦስት ብር ዳቦ። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት የወሎ ልጆች ቁርሳቸውን እየበሉ ያወራሉ፤ እሷ መግባቷን አላዩም።

«ያቺ ጃንጥላ የያዘችዋ ሴትዮ? እሷ ዘንድ አልሄድም» አለ አንደኛው። «አሥራ ሰባት ዓመት ያጨዱላትን በመቶ ሃያ ስታሠራ ኑራ፣ እነሱን ደጅ ጥላ ለማታውቀው ሰው መቶ ሃምሳ ካለች፣ እኔን ለከርሞ ምን ልታደርገኝ ነው?»

ትርንጎ ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠችው። ዘሊካ ዓይኗን አየቻትና መጋረጃውን አልፋ ልጆቹን በዓይኗ ተቆጣች፤ ከዚያ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «አላወቅሽም እንዴ? ወላሂ አውቀሽ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ቢሻው ያለፈው ሐሙስ ገብቷል። ሃያ ስምንታቸውም። እዚያ ኒም ዛፉ ሥር ሁለት ቀን ተቀመጡ።»

«ለምን ቤቴ አልመጣም?»

«ምን ብሎ ይምጣ? ገና ከአውቶቡስ እንደወረዱ አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያሽን አሳየው። እሱ ማንበብ አይችል፣ አነበቡለት። አላመነም መሰለኝ ሁለተኛ አስነበበ። ቅዳሜ ማታ የኮኪት መንገዱ ባለ እርሻ፣ ባዘዘው፣ መኪና ይዞ መጣ፣ ‹የማን ናችሁ?› አላቸው፣ ‹የማንም አይደለንም› አሉ፣ ጫናቸው። ኻላስ።»

የቆላው ደንብ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ያልተጻፈውም መጻፍ ስላላስፈለገው ነው። ካቦ ያለው ባለ እርሻ ካቦው ሳይመጣ ገበያ ወጥቶ ሰው አይጠራም። ከጠራ ለቆታል ማለት ነው። የተለቀቀ ካቦም «ምን አጠፋሁ» ብሎ ደጅ አይጠናም፤ ሌላው እስኪወስደው ገበያ ይቀመጣል፣ የቀድሞ አሠሪው ተሳስቶ እንደሆነ ራሱ መጥቶ ያነሣዋል። ትርንጎ ይህን ደንብ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሌሎችን ስታማበትም ኖራለች። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ገበያ መሃል ቆሞ እንደ መጮህ ይቆጠራል የሚለው ብቻ አልታሰባትም። የመሰላት የልጆች ጨዋታ ነው። ከቤቷ እስከ ኒሙ ጥላ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ሁለቱን ቀን እሷ ግቢዋ ውስጥ ቢሻውን ስትጠብቅ፣ ቢሻው ጥላው ሥር እሷን ሲጠብቅ ነበር።

ቤት ስትመለስ ብሌን ሳሎን ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ናት። እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባው ግድግዳ ላይ የአባቷ ፎቶ፣ ከሥሩ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ከሱዳን የመጣው ቬንትሌተር እየተንቋቋ ይዞራል። ትርንጎ የሰማችውን ነገረቻት። ብሌን ስልኩን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ትገፋው ጀመር። አበባው፣ ልቡ፣ «ትለያለሽ» የሚለው ሁሉ በጣቷ ሥር አለፈ። ድንገት ቆመች። ጃንጥላው ፎቶ ሥር፣ መስከረም ሃያ ቀን፣ ከሦስት መቶ አስተያየት መሃል አንዱ እንዲህ ይላል፦ ሰላም፣ እኔ የቢሻው ልጅ ታጠቅ ነኝ። አባቴ ስልኩ ጠፍቶበት ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ እንገባለን፣ ሃያ ስምንት ነን። እትዬን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ ብሏል፣ የእግራቸውን ሕመም ጠይቅልኝ ብሏል። ከሥሩ የገጹ መልስ አለ፦ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን፣ ገጻችንን ላይክ እና ሼር ያድርጉ።

«አላየሁትም እማዬ» አለች ብሌን። «ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የምመልሰው። ቢሻው መሆኑን ባውቅ…» የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ጀምሮ ቢሻው በነዶው መካከል ሲያሯሩጣት፣ በትከሻው ተሸክሟት ምንጭ ሲወስዳት ያደገች ናት። ትርንጎ ልትቆጣት አፏን ከፈተችና ቁጣው አልመጣላትም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ስልክ ሳይኖር ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሾፌር ቃል ልካ፣ ስልክ ከመጣ በኋላ ደውላ፣ የሃያ ስምንቱንም ቤት በስም ትጠይቅ ነበር። የማን ሚስት ወለደች፣ የማን በሬ ሞተ፣ ያ ሳል የያዘው ልጅ ዳነ ወይ። ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ዘንድሮ አልጠየቀችም። «ገጹ ላይ ያዩን የለም ወይ» ብላ ነው የተወችው፤ ያለችውም እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ልጅቷም ሰምታታለች። ሁለቱም ይህን ያውቁታል፣ ሁለቱም አላነሡትም። ብሌን «ልምጣ?» ብላ ስትነሣ፣ «ቆይ አንቺ» አለቻትና ወጥታ ባዶው አይሱዙ ላይ ከአንዱአምላክ ጎን ተሳፈረች።

የባዘዘው እርሻ ወደ ኮኪት መንገድ ነው። አቧራው በመስኮት ይገባል፣ በግራም በቀኝም ሰሊጡ፣ ማሽላው፣ እዚህም እዚያም የቆመ ትራክተር። አንዱአምላክ ነገሩ ስለገባው ቀልዱን ትቷል። ትርንጎ መንገዱን እያየች የምታስበው ግን መንገዱን አልነበረም። በ1993 ወባው የወረደ ጊዜ ከቢሻው ሰዎች ዘጠኙ በአንድ ሌሊት ወደቁ፤ ባሏ ትራክተሩ ላይ ተጎታቹን አሥሮ፣ እሷ ተጎታቹ ላይ ተቀምጣ የሁለቱን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ በዚህ መንገድ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። አጨዳው ሳምንት ቆመ፣ ብዙ ሰሊጥ ረገፈ፣ ግን ሁሉም ዳኑ። ባሏ የሞተ ጊዜ ደግሞ ሐምሌ ነበር፤ ቢሻው የእርሻ ሥራውን ጥሎ፣ በጭቃው ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በመኪና ሦስት ቀን ተጉዞ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ጥግ ተቀመጠ፤ እስከ ሠልስት ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከዚያ ተነሥቶ አገሩ ገባ። ከዘመዶቿ መካከል እንኳ እንደዚያ ያጽናናት አልነበረም። ያን ሁሉ አስባ ዓይኗ ሞላ። ያ ዘመን ድህነቱ ድህነት ነበር፣ ግን የማን ማን መሆንሽን ታውቂ ነበር፣ አለች በሆዷ።

ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። ባዘዘው ከተማ ገብቶ አልነበረም። ሰዎቹ ማሳው መሃል ናቸው፤ የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ። ከሩቅ አወቋት፣ እሷም አንድ በአንድ አወቀቻቸው። ድሮ ቢሆን «እትዬ መጡ!» ብለው ሮጠው በተቀበሏት። ዛሬ ማጭዳቸውን እንደያዙ በያሉበት ቆሙ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ፣ ተመልሰው ጎነበሱ። ቢሻው ሂላ እያቆመ ነበር፤ የያዘውን ነዶ ከሌሎቹ አስደግፎ፣ እጁን ቁምጣው ላይ አብሶ ወደ እሷ መጣ። ጢሙ ዘንድሮ በጣም ሸብቷል።

«እንዴት ከረሙ እትዬ» አላት። «እግርዎ ተሻለዎ?»

ትርንጎ ያንን ጥያቄ መቋቋም አቃታት። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት «ይቅር በለኝ አያ ቢሻው» ብቻ አለች። ከዚያ ሁሉንም አፈሰሰችው። የልጁን መልእክት አለማየታቸውን፣ ስልኩን፣ ማስታወቂያውን፣ መቶ ሃምሳውን፣ ፍልሰታ ላይ ሳትጠይቅ መቅረቷን። ቢሻው ከራኩባው፣ ከሣር ከተሠራችው ጥላ፣ ውሃ አስመጣላትና እስክትጠጣ ቆሞ ጠበቃት።

«ለኔስ ግድ የለኝም» አለ። «ሰው ይሳሳታል። እኔም ሁለት ቀን ቁጭ ከምል ልምጣ ብዬ ነበር፣ ኩራት ያዘኝ። ልጆቹ ግን ጠየቁኝ። ‹እኛ የማን ሰዎች ነን?› አሉኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይዣቸው ስወርድ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር።»

«የኔ ናችሁ! መቶ ሰማንያ እከፍላለሁ። ባዘዘውንም እኔ ለምኜው—»

«ተዉ እትዬ።» እጁን አነሣ። «ቃል ሰጥቼዋለሁ። የሰውን ማሳ እኩሌታ አድርሼ ብነሣ፣ እርስዎስ ከዚያ በኋላ ያምኑኛል?» የምታከብረው እኮ ለዚሁ ነው። ቢሻው ባዶውን አይሱዙ አየና «ሰሊጡስ ምን ላይ ነው?» አለ።

«የላይኛው አፉን ከፍቷል።»

ፊቱ ተለወጠ። ያንን ማሳ ከራሷ እኩል ያውቀዋል፤ የቱ ጋ ድንጋይ እንዳለ፣ የቱ ጋ ውሃ እንደሚተኛ። ወደ ሰዎቹ ተመለሰና ሰበሰባቸው። ከሩቅ ድምፃቸው አይሰማም፤ ጭንቅላታቸው ሲነቃነቅ፣ አንዱ ወጣት እጁን ሲያወራጭ፣ ቢሻው ትከሻውን ሲይዘው ብቻ ይታያል። ትርንጎ ጠራራው ላይ ቆማ ጠበቀች። ነጠላዋን ራሷ ላይ መጣልም ትዝ አላላትም።

«ነገ አቦ ነው» አለ ቢሻው ተመልሶ። «ለገንዘብ አናጭድም፤ ባዘዘውም ያውቃል። ለሙት ሚስት ማጨድ ግን ኃጢአት አይደለም ይሉናል ያገራችን ቄሶች። ጎሕ ሲቀድ መኪናውን ይላኩልን፤ በደቦ መጥተን የላይኛውን ጨርሰን፣ ሂላውን አቁመንልዎ ማታ እንመለሳለን። የታችኛውን በሳምንቱ ከገበያ በሚያገኟቸው ያስጨርሳሉ።»

ትርንጎ ከነነጠላዋ ነዶው ላይ ቁጭ አለች። ደስታው እንባ ሆኖ መጣባት። አራቱ ሄክታር ተረፈ፤ ዓመቱ ተረፈ። «ምን ልክፈላችሁ? ምን ላድርግላችሁ?» ትላለች።

«ደቦ ነው አልኩ እኮ። ዓርብ ነው፤ ሽሮ ያብሉን፣ ጠላ ካለ ያጠጡን።»

«ከርሞማ…» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ከርሞማ ራሴ መናኸሪያ ወርጄ ነው የምቀበላችሁ አያ ቢሻው። በመድኃኔዓለም፣ ራሴ።»

ቢሻው ከእግሩ ሥር የወደቀች አንዲት የሰሊጥ አገዳ አነሣ፣ ነዶው ውስጥ ሻጣት። «ለከርሞ ባዘዘው ቀድሞ ጠይቆኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ባለፈው እሑድ ልጆቹ ባሉበት እሽ ብየዋለሁ።»

ያኔ ገባት። ደቦ የሚወጣው ለጎረቤት ነው፣ ለተቸገረ ነው፣ ለወደቀ ሰው ነው። ለአሠሪ ደቦ የሚወጣ ሠራተኛ የለም። እነዚህ ሰዎች አሥራ ሰባት ዓመት አጭደውላታል፣ አልቅሰውላታል፣ አንድም ቀን ግን በደቦ አልወጡላትም፤ ሰዎቿ ስለነበሩ። ነገ ግን ሰሊጧን በነጻ አንሥተውላት፣ ሽሮዋን በልተው፣ መርቀዋት ሊሄዱ ነው። ቢሻው ክፉ ቃል ሳይወጣው፣ በደግ ሥራ እየተሰናበታት ነበር። ለምኜ ላስቀረው ብላ ቀና ስትል ሃያ ስምንቱ ሰዎች ከኋላው ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ አየች። ልመናውን ዋጠችው። እጁን በሁለት እጇ ያዘችና ሳመችው፤ እሱም ደንግጦ የሷን ሳመ።

አንዱአምላክ መኪናውን ጥላ ሥር አዙሮ ይጠብቃታል። በሩን ከፈተላት፣ ፊቷን አየና እንባዋን የደስታ አድርጎ ተረጎመው። «እንዴት ሆነ እትዬ? ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ። ጎሕ ሲቀድ መጥተህ ትጭናቸዋለህ።»

«ተመስገን! ተማም ነው!» መሪውን በመዳፉ መታው። «እንግዲህ ሰዎችዎን አገኟቸው።»

መኪናው መንገዱ ላይ ወጣ። ትርንጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ማሳው እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ ስታይ ቆየች።

«አዎ» አለች። «ለነገ አገኘኋቸው።»